መድኃኒት ከልኩ ሲያልፍ

ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ ሲመክረው፥ ምክንያቱንም መጠኑንም አብሮ ነገረው። ሐኪም ያዘዘልንንም መድኃኒት የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው፤ ለማን ታዘዘ? ስለ ምን? ስንት?

ሕመም የሚያስታግሰው ትራማዶል፥ ጭንቀትን የሚያበርደው ዲያዜፓም በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም፤ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሲራክ አስተምሮናልና። ነገር ግን ሁለት የታዘዘለትን አራት የሚያደርግ፥ ሕመሙ ካለፈም በኋላ ኀዘኑን ለመርሳት የሚውጥ ከትእዛዙ ወጥቷል። የተረፈውን ለጎረቤቱ የሚሰጥስ? ይህ ለብዙዎቻችን ርኅራኄ እንጂ በደል አይመስለንም፤ በቡና ላይ ስንቱ ክኒን ከእጅ ወደ እጅ አልፏል! ዳሩ ግን ትራማዶል የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ደዌውን ሊቀሰቅስበት እንደሚችል ሰጪው ከየት ያውቃል?

በአንጻሩ በካንሰር የሚሠቃይ ሰው ሞርፊንን እንደ ታዘዘለት ቢወስድና ሰውነቱ ቢለምደው፥ ሱሰኛ ብለን ልናሳፍረው አይገባንም። መልመድ የሥጋ ጠባይ ነው። ጉዳቱን እያዩ መተው አለመቻል፥ ለማግኘትም ሐኪምን ማታለል ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሕክምና የሚሻ ደዌ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ለንስሐ አባቱ ቢናዘዝ፥ «ዛሬውኑ ጣለው» ሊባል አይገባውም። ዲያዜፓምን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ እስከ መውደቅ ሊደርስ ይችላልና፥ መጠኑ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ይጎድላል። ስለዚህ አባቱ ከጸለዩለት በኋላ ወደ ሐኪሙ ይላኩት፤ ብቻውን መሄድ ካፈረም አብረውት ይሂዱ።