ያልተቃኘ ቺፕ

ኮሞዶር 64 በተባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ ያወጣ የነበረው ቺፕ ዶንም ሬንም አያውቅም። የሚያውቀው ከ0 እስከ 65535 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ነው። አንድ ቁጥር ሲሰጡት ወደ ንዝረት ይለውጠዋል፤ ሌላ ሲሰጡት ሌላ ንዝረት ያወጣል። ቁጥሩ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር ገጠመ አልገጠመ፣ ከክራር ክር ጋር ተስማማ አልተስማማ፣ እሱ ዘንድ ልዩነት የለውም። ይህ ቺፕ ከኮምፒውተሩ ሆድ ወጥቶ፣ ሌላ ቦርድ ላይ ተበይዶ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አንድ ቁስ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሆነው ድምፅ ማውጣት ሲችል ነው ወይስ የትኛው ድምፅ እንደሚፈቀድለት ሰው ሲወስንለት? ሁለተኛው ከሆነ፣ የሚወስነው ማን ነው?

ቺፑ ሲድ ይባላል። ቦብ ያኔስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1981 ነደፈው፤ ኮምፒውተሩም በቀጣዩ ዓመት ገበያ ላይ ዋለ። ያኔስ የፈለገው ለጨዋታ የሚሆን ጩኸት ሳይሆን እውነተኛ ሲንተሳይዘር ነበር። ሦስት ድምፆች፣ ለእያንዳንዳቸው አራት ዓይነት የሞገድ ቅርፅ፣ ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚከስም የሚወስን መቆጣጠሪያ፣ በመጨረሻም ማጣሪያ ሰጠው። እሱ ራሱ ቆይቶ ኤንሶኒክ የተባለውን የሲንተሳይዘር ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ኮምፒውተሩ ካረጀ በኋላ ደግሞ ቺፑን የሚፈልጉ ሰዎች መጡ። ኤሌክትሮን የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲድስቴሽን የተባለውን ሲንተሳይዘር የሠራው በዚሁ ቺፕ ነው። ሚዲቦክስ ሲድን የመሰሉ ንድፎችም ብዙ ሰው በገዛ ጠረጴዛው ላይ እየበየደ የራሱን መሣሪያ እንዲሠራ መንገድ ከፍተዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው፤ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሲድን በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ ክሪስታል ብናሠራው፣ በሰከንድ 220 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ለማግኘት 3691 የሚል ቁጥር እንጽፍበታለን። ይህን መነሻ አድርገን አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት እንቃኝ። በፈረንጅ ኖታ የሚጻፈውን አንቺሆዬ ከተከተልን፣ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው አንድ የፒያኖ ቁልፍ ብቻ ከፍ ይላል፤ ቁጥሩ 3910 ነው። ሦስተኛው 4927 ይሆናል። ይህንኑ ሦስተኛ ድምፅ ግን ፒያኖውን ትተን በጆሮ፣ ከመነሻው ጋር ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ እስኪዋሃድ ድረስ ብንስበው 4921 ላይ እናገኘዋለን። የስድስት ቁጥር ልዩነት ትንሽ ናት፤ ብዙ ጆሮ ያልፋታል። ሁለተኛው ድምፅ ላይ ግን ሜዳው ሰፊ ነው። ፒያኖው 3910ን ከሰጠ በኋላ ቀጥሎ የሚያርፈው 4143 ላይ ነው። በመካከላቸው ያሉት 232 ቁጥሮች ለፒያኖ የሉም፤ ለቺፑ ግን እያንዳንዳቸው ከ3910 ጋር እኩል ናቸው።

ሁሉም ቺፕ እንዲህ ለጋስ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። አታሪ ኤስቲ በተባለው ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው የያማሃው ዋይኤም2149 ድምፁን የሚያወጣው ቁጥር በማካፈል ስለሆነ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እርምጃው እየሰፋ ይሄዳል። በሰከንድ 1760 ንዝረት አካባቢ አንዲት ቁጥር መቀየር ድምፁን ከ24 ንዝረት በላይ ያዘልለዋል፤ ከአንድ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት ሩቡን ማለት ነው። በዚህ ቺፕ ረቂቅ ቅኝት መቃኘት የሚቻለው ዝቅ ባለው ድምፅ ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ኮሞዶር ላይ የተሠራው ሙዚቃ ለምን እንደ ፒያኖ ተቃኘ? ሰንጠረዥ ስለተጻፈለት ነው። የጨዋታ ሙዚቃ የሚሠሩት ፕሮግራመሮች ለእያንዳንዱ የፒያኖ ቁልፍ የሚሆነውን ቁጥር አስልተው በፕሮግራማቸው ውስጥ ደረደሩት። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው፣ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች መግባቢያ የሆነው ሚዲ ደግሞ ኖታዎችን ከ0 እስከ 127 ቆጥሮ፣ አሥራ ሁለት ቁልፍ ያለውን ኦክታቭ የዓለም ሁሉ መነጋገሪያ አደረገው። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም፤ ለሚያውቁት ሙዚቃ የሚሆናቸውን ጻፉ። ግን ውሳኔው ከተጻፈ በኋላ ውሳኔ መሆኑ ይረሳል። ፋብሪካ ጨርሶ ያወጣውን ኪቦርድ የሚገዛ ሰው ቁልፉን ሲጫን የተጫነው ተፈጥሮን እንጂ የሌላ ሰውን ምርጫ አይመስለውም።

ይህ ጉዳይ የእኛ መሆኑን ኃይሉ መርጊያ ያሳዩናል። ደብረ ብርሃን የተወለዱት፣ የዋሊያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻቸውን አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የከበሮ ማሽንና ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር ይዘው አንድ ካሴት ሠሩ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም እንደ አዲስ አደመጠው። ዲኤክስ7 የሚሠራበትን የድምፅ ዘዴ ጆን ቻውኒንግ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1960ዎቹ ያገኘው ሲሆን፣ ያማሃ ፈቃድ ወስዶ አመረተበት። የዚያው ዘዴ ርካሽ ቺፖች በኋላ ኮምፒውተር ላይ በሚሰኩት የአድሊብ ካርዶችና በሴጋ ሜጋ ድራይቭ ውስጥ ገቡ። የአዲስ አበባ ልጅ ጌም ቤት ቁጭ ብሎ ሴጋ ሲጫወት የሰማው ድምፅና የኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ያ ሴጋ ዛሬ ምናልባት ቆራሌው ወስዶት ምናለሽ ተራ ደርሷል፤ ቺፑ ግን አሁንም ይሠራል።

የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ከፒያኖ ሌላ ቅኝት አልነበረውም። ቅኝት መቀየር የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ሁለተኛው ዲኤክስ7 ነው። ኃይሉ በፒያኖ ቅኝት የኢትዮጵያን ዜማ ተጫወቱ፤ የሚያምርም ሥራ ሠሩ። ጆሯቸው ከመሣሪያው ቀድሞ የተቃኘ ነበርና በጌጡ፣ በአነካኩ፣ በዝምታው ቁልፉ የማያውቀውን ሞሉበት። የምሰጋው ከእሳቸው በኋላ ለመጣው ጆሮ ነው። ካሴቱና ሠርግ ቤቱ በኪቦርድ ከተሞሉ ወዲህ ትዝታንና ባቲን መጀመሪያ የሰማው ከኪቦርድ የሆነ ትውልድ አድጓል። ይህ ትውልድ የገጠር ማሲንቆ ሲሰማ ተጫዋቹ የሳተ ሊመስለው ይችላል። መሣሪያ ገለልተኛ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ እጅ የሚጫወትበት ቢመስልም ውሎ አድሮ ጆሮውን ራሱን ይቃኘዋል።

ይህን የማስበው አዲስ አበባ፣ ላምበረት ላይ ስለሆነ መንገዱ ራሱ ሐሳቡን ይጎትተዋል። ከዚህ ተነስቶ በኮተቤ የሚወጣው አስፋልት ደብረ ብርሃንን አልፎ ወሎ ይገባል። ባቲ ከተማ ናት፤ አምባሰልም አገር ነው። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ሁለቱ የሚጠሩት በዚያ መንገድ ማዶ ባሉ ቦታዎች ስም ነው። ቅኝት አንድ ጊዜ ሰው የሚኖርበት፣ አንዱ ከሌላው የሰማው ነገር ነበር። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 የዶክትሬት ጥናቷን በማሲንቆና በቅኝት ባሕርይ ላይ ስትሠራ መልሱን ከተጫዋቾች ጣት ሥር መፈለጓ ትክክል ነበር። አንድ ዓይነት ማስመሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው እዚያ ብዙ አያገኝም።

አሁን ላምበረት አካባቢ የተከፈቱ ቴሌቪዥኖች በተደረደሩባት የጥገና ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ሲድን ቦርድ ላይ ሰካ እንበል። ኤሌክትሪኩ ደረሰው፣ ክሪስታሉ መታ፣ ድምፅ ግን የለም። ቺፑ ቁጥር ይጠብቃል። ልጁ አንቺሆዬን መስማት ከፈለገ ከ3910 እስከ 4143 ካሉት ቁጥሮች የትኛው ላይ እንደሚያቆም መወሰን አለበት። መልሱ በመመሪያው ውስጥ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የሙዚቃ ፕሮግራም ቢቀዳ 3910ን ያገኛል፤ ማለትም ያንኑ የፒያኖ ሰንጠረዥ። ሌላ ቁጥር ከፈለገ ማሲንቆ ወደሚጫወት ሰው ሄዶ ማድመጥ ይኖርበታል። ከሲሊኮን የተነሳ ሥራ አዝማሪ ደጃፍ ላይ ያደርሰዋል።

ሶፍትዌርም እኮ ማንኛውንም ቅኝት ይቀበላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይቀበላል። ግን አይጠይቅም። ፕሮግራሙ ሲከፈት ፒያኖው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ቅኝት መቀየሪያው ከብዙ ገጾች በስተጀርባ ነው። ባዶው ቺፕ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነገር የለም። ነፃነት በር መኖሩ ብቻ ሳይሆን በሩ ጋ መቆም የግድ መሆኑም ይመስለኛል፤ ይህን የሚያደርገው ባዶነቱ ነው። ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ሲድን የሚወዱት ብዙዎቹ የልጅነታቸውን ጨዋታ እያስታወሱ ነው። ኮሞዶር እኛ ጋ የብዙ ቤት ዕቃ አልነበረም። ስለዚህ ድምፁ ለእኛ ትዝታ አይደለም፤ እንደ አዲስ ድምፅ፣ ከሌሎች መሣሪያዎቻችን ጎን አስቀምጠን ልንሰማው እንችላለን።

ከየትኛው ጎን ቢባል፣ ከበገና ጎን እላለሁ። የበገና መምህሩ ዓለሙ አጋ እዚሁ ከበላያችን ባለው እንጦጦ እ.ኤ.አ. በ1950 ተወለዱ፤ በገናን የጀመሩት በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በገና ላይ በክሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያቺ ቆዳ ክሩን በንጽሕና እንዳይጮህ ትከለክለዋለች፤ ያ ጥልቅ ነዝናዛ ድምፅ የሚወጣው ክሩ እሷን እየነካካ ሲርገበገብ ነው። ደርዳሪው እያንዳንዱን እንዝራ ቦታዋን እስክታገኝ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋታል። ንጹሕ ድምፅ ቢፈለግ ኖሮ ቆዳዋን ማውጣት ቀላል ነበር።

ሲድም እንዲሁ የሚወደደው ንጹሕ ባለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ማጣሪያ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ ሁለት ቺፖች አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀብለው ሁለት ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። የድምፁን መጠን የሚወስነው ቦታ ሲቀያየር ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር። ፕሮግራመሮች ያንን ጠቅታ በፍጥነት እየደጋገሙ የተቀዳ ከበሮና የሰው ድምፅ አወጡበት፤ ቺፑ የሌለውን አራተኛ ድምፅ ሰጡት። ፋብሪካው በኋላ በ8580 ሞዴሉ ጉድለቱን ሲያስተካክል ያ አራተኛ ድምፅ እምብዛም እስከማይሰማ ድረስ ደከመ። ጉድለት የተባለውን ወደ ድምፅ ለመለወጥ መሣሪያውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የበገና ደርዳሪ ይህን ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ሃርቫርድ ሳሉ ባህላዊ መሣሪያዎቻችንን በማዘመን ሥራ ላይ ነበሩ። ክራር ወደ ዓለም መድረክ እንዲወጣ መጣራቸው የሚከበር ነው። እኔ የምለው ተመልሶ የሚሄድ መንገድም አለ ነው፤ ማሽኑ ወደ ክራር ይምጣ። ሙዚቀኞቹ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ በላፕቶፕ የአዝማሪን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲያዋሕዱ ድምፁን አቅርበውታል። የቀረው ቅኝቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ማሽኑ ሲሠራ እንጂ ካለቀ በኋላ በቀላሉ የሚገባ አይደለም።

ሆኖም ቺፑ የማይደርስበት አለ። ማሲንቆ ድምፁን በየቅጽበቱ በጣት ይፈጥረዋል፤ አንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገዱ ራሱ ዜማ ነው። አምስት ቁጥሮች ያሉት ሰንጠረዥ ይህን መንገድ አይዝም። እንዲያውም የማሲንቆን ቅኝት ለክቶ ቁጥር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ፒያኖው ያደረገውን በሌላ ቁጥር እየደገመ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ሰንጠረዥ በሃያ ዓመት ውስጥ ‘ትክክለኛው አንቺሆዬ’ ተብሎ ቢታተም ከአሮጌው የተሻለ አይሆንም። ሲድ የሚቀርበው ለክራር ነው። ክራር ክሮቹ ከተቃኙ በኋላ ለዚያ ዘፈን ይጸናሉ፤ ለሌላ ዘፈን ደግሞ ተጫዋቹ መቃኛውን ያዞራል።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ሲድ ይዞ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ቦርዱ ላይ ከቁልፎቹ በፊት አምስት ማዞሪያዎች ቢያስቀምጥ እመርጣለሁ፤ ለእያንዳንዱ የቅኝት ድምፅ አንድ። ማዞሪያው ሲዞር ቁጥሩ በአንድ በአንድ ይጨምር፣ ፒያኖው የዘለላቸው 232 ቁጥሮች ሁሉ ይገኙበት። ቅኝት ማስቀመጥ ካስፈለገም ከቁጥሮቹ ጋር የተጫዋቹ ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። አዝማሪው ጎኑ ተቀምጦ ማሲንቆውን እንደገና ሲቃኝ፣ ማሽን የያዘው ልጅም እጁን ወደ ማዞሪያዎቹ ይሰዳል።