ድንጋዩን ማንሣት ይገባልን?

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ ቍልቍለቱን የሚወርድ አንድ መምህር እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ድንጋይ ቢያገኝ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ብዙዎቻችን ሳናመነታ አንሥተን ከኪሳችን እንከተዋለን። ምንነቱንም ሳናውቅ ስም እናወጣለታለን፤ አንዱ ዘንዶ ነው ይላል፣ ሌላው የጥንት አውሬ።

ዐዋቂ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ከየት እንደ ተነሣ ነው። የቦረናና የሳይንት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። በዚህ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የሚበቅለው ነጭ ማዕድን ጥርስ ወይም እንቍላል እየመሰለ ዓይንን ያታልላል። ይሁን እንጂ በእሳተ ገሞራው ንብርብር መካከል ደለል የተኛበት ስፍራ አለ፤ በጎንደር ጭልጋ ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩት የዝሆን ዘመዶች ቅሪት የተገኘው እንዲህ ባለው ደለል ውስጥ ነው። ወደ ሸለቆው ጠለቅ ሲሉ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ ይገኛል። የመምህሩ ጥቅልል ከዚያ የወጣ እንደ ሆነ አሞናይት የተባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ከኪስ የወጣ ድንጋይ ግን ከየትኛው ንብርብር እንደ መጣ አይናገርም።

እንግዲያስ «አትንኩት» ብለን እንለፍን? ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይቈረጥም። የሚመጣው ክረምት ጎርፍ ይወስደዋል፤ ወይም አንድ ግንበኛ ለቤት መሠረት ይፈልጠዋል። አይቶ ትቶት ከሄደውና ካነሣው የትኛው ይበልጥ በደለ? እኛስ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ስፍራውን ጽፎ ለባህል ጽሕፈት ቤት ያስታወቀውን እናመሰግናለን፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209ም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዛል። ጎርፉ ከደጅ ከደረሰ ግን፣ ስፍራውን ጽፎ ማንሣት በደል አይመስለንም።

ከወሎ ደጋ በስተ ምሥራቅ፣ በአፋር ሚሌ የሆነውን እናስታውስ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. አሊ በሪኖ የተባለ የአገሩ ሰው አንድ የላይኛው መንጋጋ አግኝቶ ስፍራውን ለተመራማሪው ለዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አሳየ። እርሳቸውም በዚያው አካባቢ ሲፈልጉ የቀረውን የራስ ቅል አገኙ። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ለዓለም ተገለጠ። መንጋጋው ስፍራው ሳይታወቅ ለገበያ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የራስ ቅሉን ማን በየት ይፈልገው ነበር?

የመምህራችን ድንጋይ ምናልባት ተራ ማዕድን ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ለተማሪዎቹ ቸኵሎ «የዘንዶ ነው» ብሏቸው እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ቃሉን መመለስ ይኖርበታል።