የቁስል ልኬት

መዋጥ ለማይችል ሕፃን ምግብ በሌላ መንገድ መግባት አለበት። አንዱ በአእምሮ ጉዳት መዋጥ ተስኖታል፤ ሌላው እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ የሚያቃጥል ነገር ውጦ የምግብ ቧንቧው ጠቧል። ሐኪም ሆዱን ይበሳና ቱቦ እስከ ጨጓራው ያስገባለታል። ቱቦውም በተራው ችግር ያመጣል፤ ይወልቃል፣ ያፈሳል፣ ዙሪያው ያመረቅዛል። ይህን ለማቃናት ዛሬ በጠባብ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ቀዶ ሕክምና (ላፓሮስኮፒ) ማድረግ ይቻላል። ቁስሉ ትንሽ ነው ይባላል። ቁስል ግን በምን ይለካል?

በርዝመቱ ይለካል እንበል። በ1971 ዓ.ም. (1979 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ክሊቭላንድ ጋውደረርና ፖንስኪ የተባሉ ሐኪሞች የሕፃን ሆድ ሳይከፍቱ፣ በአፍ በሚገባ ማሳያ (ኢንዶስኮፒ) እየተመሩ የምግብ ቱቦ አስገቡ። ቁስሉ በእርግጥ አነሰ። ኢንዶስኮፒ ግን የሚያሳየው የጨጓራውን ውስጥ ነው። በጨጓራውና በሆድ ግድግዳ መካከል ያለው አይታይም። በዚያ መካከል አንጀት ተኝቶ ከሆነ መርፌው ወግቶት ያልፋል። እንግዲህ አጭር ቁስል ያልታየ ጉዳት ሊሸፍን ይችላል። ርዝመት ልኬት አይሆንም።

ላፓሮስኮፒ ያንን መካከል ያሳያል። አንጀቱን ለይቶ፣ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር ለመስፋት ያስችላል። ስለዚህ ትልቁ በጎነቱ ማሳየቱ ነው፤ የቀዳዳው ጥበት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

«ሕመሙስ? ቶሎ መዳኑስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሕፃንን ከሕመም ማዳን ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ሕመሙ በቀዶ ሕክምናው ክፍል አያልቅም። ሕፃኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ።

ቤቱ በፎገራ ሜዳ፣ ወረታ አጠገብ ነው እንበል። ከወረታ ሆስፒታሉ እስካለበት እስከ ባሕር ዳር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በክረምት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በዚያ ወቅት ሌሊት ቱቦው ቢወልቅ ምን ይሆናል? ቀዳዳው ቆይቶ የጠና ከሆነ በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል፤ ቶሎ ሌላ ቱቦ ካልገባበት ይደፈናል። ገና ጥቂት ሳምንት ከሆነው ደግሞ በግምት መልሶ መክተት አደገኛ ነው። ቱቦው ጨጓራውን ስቶ ምግቡ በሆድ ዕቃው ውስጥ ሊፈስ፣ ሕፃኑንም ሊገድለው ይችላል። አንዱ ቀዳዳ መቸኮልን፣ ሌላው መታገሥን ይጠይቃል። ይህን ማን ሊያውቅ ይገባዋል? በዚያች ሰዓት አጠገቡ ያለች እናቱ ናት። እውቀት ጉዳቱ በሚደርስበት ስፍራ ካልተገኘ፣ ሩቅ ሆስፒታል ያለው ካሜራ በዚያች ሌሊት አያድንም።

«ታዲያ ለገጠር ልጅ ካሜራው ይቅርበት ትላለህ?» አልልም። የክሊቭላንድ ሕፃንና የፎገራ ሕፃን ሥጋቸው አንድ ነው፤ ሕመማቸውም አንድ ነው። በተፈጥሮ ለአንዱ የሚገባው ለሌላው ይገባል። የአገር ድህነት ለመዘግየት ምክንያት ይሆን ይሆናል፤ ግዴታውን ግን አያስቀርም። እኔ የምክደው ግዴታው በካሜራው ይፈጸማል የሚለውን ነው።

የሰው ሆድ የሚበሳ ሰው ቀዳዳው እስኪዘጋ ድረስ ባለዕዳ ነው። ቀዳዳው መቼ እንደሚጠና ለእናቲቱ ይንገራት። መለዋወጫ ቱቦ ይስጣት። ለቅርቡ ጤና ጣቢያ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የጤና ባለሙያውም መቼ ሊቀይር፣ መቼ ሳይነካ ሊልክ እንደሚገባው ይማር። እነዚህ ከካሜራ ዋጋ አንጻር ርካሽ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያስቀራቸው የገንዘብ እጦት ነው ቢባል አልቀበልም።

ቁስል የሚለካው ሕፃኑና እናቱ እስከ መጨረሻው በሚሸከሙት ሸክም ነው። ሐኪም «ቁስሉን አሳነስሁ» ከማለቱ በፊት ይህን ሸክም ይቁጠር።