ደግነት በንጽሕና ሕግ ውስጥ፦ የወገራና የስሜን ቤተ እስራኤላውያን መንገድ

የአይሁድ እምነት ለሰው ደግ መሆንን ለልብ ዝንባሌ ብቻ አይተወውም፤ በእጅ የሚሠራ፣ ጊዜና ድካም የሚጠይቅ፣ ከጸሎትና ከመሥዋዕት ጎን የሚቆም ግዴታ አድርጎ ያዝዘዋል። ይህ ትእዛዝ ከእስራኤል ምድር ርቆ፣ ረቢዎች ከሚባሉት የአይሁድ የሕግ መምህራን ትምህርትም ተለይቶ እንዴት እንደኖረ ለመረዳት፣ ደባትና ደባርቅ በሚገኙበት በወገራ ደጋና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለዘመናት የኖሩትን የቤተ እስራኤላውያንን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድን፣ ሥርዓት መመርመር ይጠቅማል። ሥርዓታቸው በንጽሕና ረገድ እጅግ የጠበቀ ስለነበረ፣ ከሌላ እምነት ሰው ጋር መነካካትን የሚከለክል ሕዝብ ለዚያው ሰው እንዴት ደግ ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የዚህ ጥያቄ መልስ፣ የንጽሕናው ሕግ የደግነትን መንገድ እንዳልዘጋ፣ እንዲያውም ደግነት ምን ያህል እንደሚያስከፍልና በምን መልክ እንደሚፈጸም እንደወሰነ ያሳያል።

ቤተ እስራኤላውያን በአካባቢው የኖሩት በድሎት አልነበረም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ በወገራ ኮሶጌ ድል ነሥተዋቸዋል፤ በስሜን ተራሮች ተመሽገው በራሳቸው አለቆች ይተዳደሩ የነበሩትም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነጻነታቸውን አጥተዋል። ብዙዎቹ ርስታቸውን፣ ማለትም በዘር ሐረግ የሚወረሰውን የመሬት መብታቸውን ስለተነጠቁ የሌላውን መሬት እያረሱና ከምርቱ እያካፈሉ፣ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩና ሸማ እየሸመኑ መኖር ግድ ሆነባቸው። ማረሻውን የሚፈልገው ጎረቤት ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ይፈራውና ያገልለው ነበር። እንግዲህ ስለ ደግነት የወረሱት ትእዛዝ የተፈተነው በተገፋ ሕዝብ ኑሮ ላይ ነው።

የትእዛዙ ምንጭ ኦሪት ነው። ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግእዝ ያነብቡ ነበር፤ ሕጉንም ያስተማሯቸው ቄሶቻቸውና፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ጽብራ እንደተጀመረ በሚነገረው ምንኵስና የኖሩት መነኮሳታቸው ናቸው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ሕዝቡ ቅዱስ እንዲሆን ከታዘዘ በኋላ፣ አጫጁ የእርሻውን ዳርና ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው፣ የሙያተኛ ደመወዝ እስከ ማግስቱ እንዳይቆይ፣ ደንቆሮ እንዳይሰደብ፣ በዕውር ፊት መሰናክል እንዳይቀመጥ፣ ሚዛን እንዳይጭበረበር፣ ባልንጀራም መጻተኛም እንደ ራስ እንዲወደዱ ይደነገጋል። ቅድስናና ደግነት በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ትንፋሽ መታዘዛቸው ሊታለፍ አይገባም፤ በዚህ አስተሳሰብ ራሱን ለፈጣሪው የለየ ሰው በዚያው መለየቱ የባልንጀራው ባለዕዳ ይሆናል።

ይህ የቅድስናና የደግነት ትስስር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በቀብር ሥርዓታቸው ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 መሠረት አስከሬን የነካ ሰው ለሰባት ቀን ይረክሳል፤ ርኵሰት ሲባልም ኃጢአት ማለት ሳይሆን ከማኅበሩና ከአምልኮው ለጊዜው የሚያርቅ ሁኔታ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ይህን ሕግ ቃል በቃል ይጠብቁ ስለነበር፣ ሬሳ የሚገንዙትና የሚቀብሩት ጥቂት ሰዎች ከቀብሩ በኋላ ከመንደሩ ወጥተው፣ ከቤተሰባቸውና ከሥራቸው ተለይተው ሰባት ቀን ከቆዩ በኋላ ልብሳቸውንና ገላቸውን አጥበው ይመለሱ ነበር። ሟች ውለታ አይመልስም፤ ቀባሪው ግን ንጽሕናውን፣ ማለትም በማኅበሩ ዘንድ ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለትን ነገር፣ ስለ ሌላው ሲል ለሳምንት ያስረክብ ነበር። ሕጉ ርኵሰትን ቀላል አድርጎ ቢያየው ኖሮ ይህ ሥራ ያን ያህል ባልከበደ ነበር።

በወሊድ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የወለደች ሴት ልጇ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆይ ነበር፤ በወር አበባዋም ጊዜ የመርገም ጎጆ በሚባለው፣ ዙሪያው በድንጋይ በታጠረ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። በእነዚህ ቀናት ምግቧን የሚያቀርቡላት ሌሎች ሲሆኑ፣ ሳይነኳት ከድንጋዩ አጥር ላይ ያኖሩላት ነበር፤ ስለዚህ ሕጉ የለያትን ሴት መመገብ የመንደሩ ግዴታ ነበር።

ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ያለው ወሰን ከዚህም የጠበቀ ነበር። አትንኩኝ በሚባለው ሥርዓት ከማኅበሩ ውጭ የሆነን ሰው የነካ ቤተ እስራኤላዊ ወደ ወንዝ ወርዶ ይታጠብ ነበር፤ ሌላ እምነት ያለው ሰው ያረደውንም ሥጋ አይበላም ነበር። ሆኖም ሠርግና ለቅሶ ጎረቤታሞችን ያገናኝ ነበር፤ ደጋሹ ክርስቲያን ለቤተ እስራኤላውያን እንግዶቹ እንስሳውን ከነነፍሱ ሰጥቶ ራሳቸው አርደው፣ ራሳቸው አብስለው እንዲበሉ ያደርግ ነበር፤ ደጋሹ ቤተ እስራኤላዊ ሲሆንም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ይደረግ ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ማንም ሌላውን ሕግህን ተው አይለውም ነበር፤ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ የሚሰጠው ጎረቤቱ በገዛ ሕጉ ሊቀበለው የሚችለውን ነበር። እንግዳን ማክበር ከዚህ የጠለቀ ትርጉም ሊኖረው አይችልም።

የረቢዎችን ትምህርት የያዘው ታልሙድ ለቤተ እስራኤላውያን አልደረሳቸውም ነበር፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ኦሪት ተነሥተው ወደ ተቀራረበ ስፍራ ደርሰዋል። ጻድቁ ስምዖን የሚባለው ጥንታዊ መምህር ዓለም በሦስት ነገሮች ማለትም በሕጉ፣ በአምልኮና በቸርነት ሥራ እንደሚቆም አስተምሯል። ይህ የቸርነት ሥራ በዕብራይስጥ ገሚሉት ሐሳዲም ይባላል። ታልሙድም ከምጽዋት በሦስት ነገር ያስበልጠዋል፤ ምጽዋት በገንዘብ ብቻ፣ ለድኻ ብቻ፣ ለሕያዋን ብቻ የሚደረግ ሲሆን፣ የቸርነት ሥራ ግን በገንዘብም በጉልበትም፣ ለድኻም ለባለጸጋም፣ ለሕያውም ለሙትም ይደረጋል። ከመቃብር መልስ ሰባት ቀን ከመንደር ውጭ የሚቆየው የስሜን ቀባሪ ይህን ትምህርት በመጽሐፍ ሳያገኘው በኑሮው ፈጽሞታል።

ይህ ሲባል ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። የመለየቱ ሸክም በሴቶች ላይ ይከብድ ነበር፤ ከባሪያ ዘር መጡ የተባሉት የማኅበሩ አባላትም በገዛ ወገኖቻቸው ይገለሉ ነበር። መጻተኛን ውደድ የሚለው ቃል ሁለቱንም ወገኖች፣ ቀጥቃጩን ቡዳ ያለውን ባለርስትም፣ በማኅበሩ ውስጥ ወንድሙን ያሳነሰውን ቤተ እስራኤላዊም ይወቅሳል።

ከ1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻና ከግንቦት 1983 ዓ.ም. የሰሎሞን ዘመቻ፣ ማለትም ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ካወጡት ጉዞዎች፣ ወዲህ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በስግድ፣ ማለትም ወደ ተራራ ወጥተው በጾም ከጸለዩ በኋላ ወርደው በአንድነት በሚመገቡበት በዓላቸው ቀን፣ አሁን በኢየሩሳሌም ይሰበሰባሉ። በደባትና በደባርቅ የቀረው ክርስቲያን ገበሬም የእነርሱን ኦሪት የመጽሐፍ ቅዱሱ አካል አድርጎ ይቀበላል፤ ቃርሚያ የመተውና የሙያተኛን ዋጋ ያለማሳደር ትእዛዝ ስለዚህ ለሁለቱም በአንድነት የተሰጠ ነው። በእምነትና በዘር ወሰን የሚከፋፈል ሰው ከቤተ እስራኤላውያን መንገድ የሚማረው፣ ወሰኑ እስኪፈርስ ሳይጠብቅ፣ ከራሱ ከፍሎ፣ የሌላውንም ሕግ ሳይነካ ለባልንጀራው የሚገባውን ማድረግ እንደሚቻልና እንደሚገባም ነው።