የሚሸነፈው መምህር

ሰይፍ መያዝን የሚማር ሰው የሚማረው ማሸነፍን ነው ብለን እናስባለን፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ኬንዶ የሚባለው የጃፓኖች የሰይፍ ትምህርት ከእጅ ይልቅ ከእግር ይጀምራል። ተማሪው እግሩን ከወለሉ ሳያነሣ እያንሸራተተ እንዲራመድ ይታዘዛል፤ እግሩን አንሥቶ የሚራመድ ሰው በዚያች ቅጽበት በአንድ እግር የቆመ ነውና ቢገፉት ይወድቃል። ዓይኑንም በባላጋራው ሰይፍ ላይ እንዳይተክል ይመከራል፤ ሩቅ ተራራ እንደሚመለከት ሰው መላ አካሉን በአንድነት ማየት አለበት። ርቀቱም የተለካ ነው፤ አንድ እርምጃ ቢገፋ ይመታል፣ አንድ እርምጃ ቢያፈገፍግ ይድናል።

ይኸው ሥርዓት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. በተደነገጉት ካታ በሚባሉ ዐሥር ቅርጾች ይጠናል። እያንዳንዱ ቅርጽ ሁለት ሰዎችን ይጠይቃል፤ አንዱ የመምህሩን፣ ሁለተኛው የተማሪውን ቦታ ይይዛሉ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው የሚያስገርመው፣ የሚሸነፈው መምህሩ መሆኑ ነው። ተማሪው ምቱን ባዶ ያስቀርበትና ሰይፉን ከአካሉ ሳያሳርፍ መልሶ ይሰነዝርበታል። መምህሩ ለይስሙላ ቢሰነዝር ተማሪው ሐሰት ይማራል፤ ከልክ በላይ ቢፈጥን ይጎዳዋል። በትክክል መሸነፍ ከማሸነፍ የበለጠ ችሎታ ስለሚጠይቅ ቦታው ለአዋቂው ተሰጠ። (ከእኛስ መካከል ተማሪው ሲበልጠው ፊቱ የሚጠቁር መምህር ስንቱ ነው!)

ይህን የሚመስል ነገር ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚወርድ መንገደኛ የሚያቋርጠው የፈረስ አገር ነው፤ የባሌ ፈረስ ከኢትዮጵያ የፈረስ ዝርያዎች አንዱ ሆኖ በስሙ ይታወቃል። የአገራችን ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ አንዱ ወገን ዘንግ ይዞ ያባርራል፣ ሌላው ጀርባውን በጋሻ ከልሎ ይሸሻል፤ ቀጥሎም አባራሪው ተባራሪ ይሆናል። እንግዲህ ዞሮ የሚወረውረው፣ ዘንግ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው ነው። በጉግስ ሽሽት በተራ ለሁሉ ይደርሳል፤ በካታ ግን ሽንፈት የታላቁ ድርሻ ነው። የጉግሱ ሕግ ፍትሐዊ ነው፤ የካታው ግን ይከብዳል፣ እኔም አብልጬ የማከብረው እርሱን ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። በ1930ዎቹ ኬንዶ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ወጣቶችን ለጦርነት መንፈስ ማዘጋጃ ሆኖ ነበር። ቅርጾቹ ያን ጊዜም ነበሩ፤ መምህሩ ያን ጊዜም ይሸነፍ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ድል አድራጊዎቹ ትምህርቱን ከለከሉት፤ በ1952 የመላው ጃፓን የኬንዶ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1975ም የትምህርቱ ዓላማ የሰውን ጠባይ ማነጽ እንደ ሆነ ማኅበሩ በጽሑፍ አወጣ።

ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ፈረሰኛው ተራው ሲደርስ ይሸሽ ዘንድ የጨዋታው ሕግ ግድ ይለዋል፤ ሰይፈኛውን ከአዳራሹ ውጭ የሚያስገድደው የለም። በመንገድ ወይም በሸንጎ ከእርሱ የሚያንስ ሰው ያገኘው እንደ ሆነ፣ መምህሩ ለእርሱ የያዘለትን ቦታ እርሱ ለዚያ ሰው ይይዝለታልን?