ማሳየት ማስተማር ነው ወይ?

በናይሮቢዋ ኢምባካሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችንና ሌሎች የበረራ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። እንዲህ ባለ ሙያ በግማሽ የገባ ትምህርት ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ በፓወርፖይንትና በድረ ገጽ ማስተማር ይበቃል ወይ የሚለው ክርክር የምቾት ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ ሥሩ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ሰሜን አፍሪካዊው አውግስጢኖስ «ስለ መምህር» በተባለው ድርሰቱ፣ ቃል ወደ ነገሩ ያመለክታል እንጂ ዕውቀትን ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው አያሻግርም፣ እውነቱን የሚያየው ተማሪው ራሱ በውስጡ ነው ሲል ተከራክሯል። እኔም እስማማለሁ፤ በስክሪን የሚታይ ሥዕልም የቱንም ያህል ቢያምር ምልክት ነው።

የስላይድ ልዩ አደጋ ነጥቦችን ደርድሮ የሚያያይዛቸውን «ምክንያቱም»ና «ነገር ግን» ማስቀረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ጠፈር ላይ ሳለች ክንፏን ስለመታው የአረፋ ቁራጭ መሐንዲሶች ለናሳ አንድ ስላይድ አቅርበው ነበር። ርእሱ ያረጋጋል። በሙከራ የተፈተሸው የአረፋ ቁራጭ 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ሲሆን ክንፏን የመታው ግን 1,920 ይደርሳል የሚለው ወሳኝ ነገር የተጻፈው በመጨረሻው መስመር ነው። ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። የገደላቸው የተጎዳው ክንፍ ነው፣ ስላይዱ አይደለም። ሆኖም አጣሪው ቦርድ አንድ ኃላፊ ያንን ገጽ አንብቦ አደጋው ሳይታወቀው ሊያልፍ እንደሚችል ጽፏል። ቁጥሩ እዚያው ነበር፤ የጎደለው ቁጥሩን ከፍርድ ጋር የሚያገናኘው ዐረፍተ ነገር ነው።

መጽሐፍ በሌለበት፣ ተማሪው በበዛበት አገር ቴክኖሎጂውን መንቀፍ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ስለ ድረ ገጽ እውነት አላቸው፤ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ያነባል፣ ያልገባውን ተመልሶ ያያል። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘርግቶ የነበረው፣ በሳተላይት በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ግን ይህን ነፃነት አልሰጠም፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ ስርጭቱ አይጠብቀውም ነበር፣ መምህሩም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በቅኔ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል፤ መረዳቱ የሚታወቀው ከራሱ አፍ በወጣው ነው። ይህን የማነሣው በድሮ ናፍቆት አይደለም፤ ስልቱ በዛሬ ክፍልም ይሠራል። ገለጻው አስቀድሞ በድረ ገጽ ቢቀመጥ የክፍሉ ሰዓት ለጥያቄ ይተርፋል። መቶ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም መጠየቅ አይቻልም ለሚል፣ አሥሩን መጠየቅ ይቻላል፤ ዘጠናው የእነሱን መልስና እርማት ይሰማል።