የትኛው ስለት ይሻላል?

ጥቅምት 19 ቀን ነበር፤ ወርኃዊው የገብርኤል በዓል። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም በማይርቅ አንድ የፒያሳ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነጠላቸውን ያጣፉ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አያለሁ። ስልኬ ጮኸ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚኖረው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ልኮልኛል። በመጀመሪያው ላይ ሦስት ምላጭ ያለው ትንሽ ሹል ብረት ይታያል። በሁለተኛው ላይ ያለው ብረት ደግሞ ምላጮቹ እንደተዘጋ ጃንጥላ ወደ ገላው ተጣጥፈዋል። ከሥራቸው የድምፅ መልእክት ተከትሏል፦ «ጋሼ፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እርስዎ ስለት ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ስለት ያውቃሉ የተባልኩት አባቴ እዚሁ ፒያሳ ሥጋ ቆራጭ ስለነበር ነው። እኔ ግን ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ካራ ይዤ ያረድኩት በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ደግሞ እስከዚያች ቀን ድረስ ለማንም በትክክል ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ልጁ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቀስት አጋዘን ማደን ጀምሯል። እናቱ መጀመሪያ ስትሰማ «ሥጋ በየሱቁ ሞልቶ ምን ጎድሎበት ነው ጫካ ለጫካ የሚንከራተተው?» ብላ ነበር። አጋዘን ይበለው እንጂ እንስሳው እኛ የምናውቀው አይደለም። የ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይኖራል፤ የእነሱ ወንዱ በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። እኛ ዘንድ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። እነሱም ጋ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ግን ፈቃዱ ተራ ሰው የሚያወጣው ነገር ነው። ልጁም አውጥቷል።

ከእሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ጥይት የሚገድለው በፍጥነቱ ጉልበት ጭምር ነው፤ ይሰብራል፣ ያደቃል። ፍላጻ ይህ ጉልበት የለውም። የሚገድለው በመቁረጥ ብቻ ነው፤ ሳንባና ልብ አካባቢ ያሉትን የደም ሥሮች ይበጥሳል፣ ደም ይፈሳል። ቦታውን ካገኘ እንስሳው በሴኮንዶች ውስጥ ይወድቃል። ካላገኘ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ጠቅላላ ነገሩ ጫፉ ላይ ባለው ብረት ይወሰናል፤ ቢያንስ አዳኞቹ እንደዚያ ያስባሉ። ቋሚ ምላጭ ያለው አይሰበሰብም፣ አይዘረጋም፤ የሚበላሽ ነገር የለውም። ነገር ግን ቀስቱ በደንብ ካልተስተካከለ ነፋስ ይይዘውና ከመስመር ያወጣዋል። ተዘርጊው ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ሲመታ ምላጮቹ ይከፈቱና ሰፊ ቁስል ይቀዳሉ። ግን ለመከፈት ከፍላጻው ጉልበት ይሰርቃል፤ አጥንት ከነካ ወይም አግድም ከመታ አንዳንዴ በቅጡ አይከፈትም።

ልጁን ያስጨነቀው ይኸኛው ነው። አምና አንዲት ሴት አጋዘን መትቶ ጠፋችበት። ደሟን እየተከተለ ረግረግ ድረስ ሄደ፤ ውሃው ጋ ሲደርስ ዱካው ቆመ፣ መሸም። በማግስቱ ከጓደኛው ጋር ተመልሶ ሲፈልግ ዋለ፤ አላገኛትም። «ምላጩ አልተከፈተም፣ ጋሼ» ነው ያለኝ። ዘንድሮ ሌላ ምላጭ ሊገዛ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው የድሮ ባልደረባዬ ፎቶዎቹን አይቶ ስልኬን መለሰልኝ። «ለሚሞተው ምን ልዩነት አለው?» አለ። «ከገደልክ ገደልክ ነው። ስለት መምረጥ ለገዳዩ ምቾት ነው እንጂ ለሟቹ ምንም አይደለም።»

ቶሎ መልስ አላጣሁም። ልዩነት አለው አልኩት። በሴኮንድ መሞትና ረግረግ ውስጥ ተኝቶ ማደር አንድ አይደሉም፤ ይህን ለማወቅ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም። አባቴ በደነዘ ካራ የሚያርድ ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ አራጅ ቢላዋውን አስቀድሞ እንዲስል፣ የሚታረደውም እንስሳ እያየ እንዳይስል ሃይማኖታቸው እንደሚያዝ ነግረውናል። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ በዚህ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። እንስሳው ምንም ካልሆነ የትኛውም ብረት ይበቃ ነበር። ካራውን የሚስል ሰው፣ ባይናገረውም፣ «ለዚህ ፍጥረት ዕዳ አለብኝ» እያለ ነው።

ጭቅጭቁ አዲስ እንዳልሆነም ነገርኩት። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ባቱን እናልፋለን። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ገደሞታ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከ279,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ከባልጩት የተሠሩ ሹል ጫፎች ተገኝተዋል። ባልጩት በደንብ ሲፈለጥ ጠርዙ ከብረት ምላጭ ይበልጥ ይሳላል። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በስብራቶቹ ላይ የቀሩትን ጥቃቅን መስመሮች መርምረው አንዳንዶቹ በእጅ የተወጉ ሳይሆኑ የተወረወሩ የጦር ጫፎች ናቸው ብለው ደምድመዋል። እንግዲህ በእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ቦታ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ድንጋይ እያገላበጠ «የትኛው ይሻላል?» ሲል ነበር ማለት ነው።

ባልደረባዬ ዝም ብሎ ሰማኝና «ወረወሩት አልክ?» አለ። «እንግዲያው እነሱም ስተዋል፤ አቁስለውም ጠፍቶባቸዋል።»

እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። ያጣሁት በክርክሩ ስለተሸነፍኩ ብቻ አይደለም፤ 1975 ዓ.ም. ትዝ ስላለኝ ነው።

ያን ዓመት ለፋሲካ የሰፈራችን ሰዎች ተዋጥተው የቅርጫ በሬ ገዙ። አራጁ ሁልጊዜ አባቴ ነበር። ያን ሰሞን ግን ቀኝ እጁን ታሞ «ዘንድሮ አንተ ታርዳለህ» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዋዜማውን ካራውንና ሞረዱን ሰጥቶኝ «ሌሊት እንዳትለው፣ አሁኑኑ ሳለው» አለኝ። እኔ ግን ጓደኞቼ ይጠብቁኝ ነበር። አምሽቼ ገባሁ፤ በጨለማ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞረዱ ላይ ሳብ ሳብ አድርጌ ተኛሁ። ሲነጋ በሬው ተጠልፎ ወድቋል፤ ሰዎቹ እግሩን ይዘዋል። አባቴ «ሳልከው?» አለኝ። «አዎ፣ ሳልኩት» አልኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ካራውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ይሞክረው ነበር። ያን ቀን አመነኝ።

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ካራው ቆዳውን አልፎ አልገባ አለ። እየገዘገዝኩ ቀረሁ። በሬው ከነገመዱ ሊነሳ ታገለ፤ ትንፋሹ እጄ ላይ ይሞቀኝ ነበር። አባቴ ከአንዱ ጎረቤት ቢላዋ ነጥቆ በግራ እጁ ጨረሰው። ሥጋው ተመደበ፣ ዕጣ ወጣ፣ ተበላ። ሁሉም «ካራው ደንዞ ነው» አሉ። እኔም «ካራው ደንዞ ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ወሬው በተነሳ ቁጥር ያልኩት ይህንኑ ነው። ቃሉን አስተውሉት፤ «ካራው ደነዘ»። ማን አደነዘው? ማን ሳይስለው ቀረ? ቋንቋችን ለዚህ ይመቻል፤ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ሰዓት ይረፍዳል፣ ካራ ይደነዝዛል፤ ሰው የለበትም። ልጁ «ምላጩ አልተከፈተም» ሲለኝ ድምፁ ውስጥ የራሴን ድምፅ የሰማሁት ለዚህ ነው።

ደወልኩለት። እዚያ ገና ጠዋት ነው። ስለ ብረቱ አልጠየቅሁትም። «ስትመታት ስንት ሜትር ላይ ነበረች?» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎም «ወደ አርባ» አለ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ከቡናው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠራሁት። የእሱ ፍላጻ በሴኮንድ 85 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አርባ ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የቀስቱ ድምፅ ግን በሴኮንድ 340 ሜትር ስለሚሮጥ በስምንተኛ ሴኮንድ ገደማ ጆሮዋ ጋ ደርሷል። ከሰማችበት እስከ ተመታችበት የሴኮንድ ሲሶ ያህል ጊዜ አላት። የደነገጠ አጋዘን ለመዝለል መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ ልቧ ወደነበረበት የተላከው ፍላጻ ሲደርስ ልቧ እዚያ የለም። ሃያ ሜትር ላይ ይህ ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ከሁለቱ ምላጮች የትኛውም ቢገዛ ይህን ሒሳብ አይለውጥለትም።

ለካ የመወርወር ነገር ይኼ ነው። ካራ ይዘህ ስታርድ ስህተትህ እጅህ ላይ ነው፤ አባቴ በግራ እጁም ቢሆን ሊያርመው ቻለ። የወረወርከውን ግን አትመልሰውም። ከእጅህ ወጥቶ እስኪያርፍ ያለው ጊዜ ያንተም አይደለም፣ የብረቱም አይደለም። ያንተ የሆነው ከመወርወርህ በፊት ያለው ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደቀረብህ፣ ካልቀረበችም ክርህን መልቀቅህ ወይም አለመልቀቅህ።

ሕግም እዚህ ድረስ አይከተልህም። በእንግሊዝ አጋዘን በቀስት ማደን ጭራሽ ክልክል ነው። ከሚፈቅዱት የአሜሪካ ግዛቶች አንዳንዶቹ የምላጩ ስፋት ከ22 ሚሊሜትር ገደማ እንዳያንስ ይደነግጋሉ። ስፋትን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ጫካ ውስጥ ብቻህን ቆመህ ስንት ሜትር ላይ እጅህን እንደምትሰበስብ ግን ማንም መጥቶ አይለካልህም።

«ቋሚውን ግዛ» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። «ራስህ ልትስለው ስለምትችል። ግን የምልህ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ሃያ ሜትር ውስጥ ካልገባች ተዋት፤ ባዶ እጅህን ግባ።»

በበረንዳው ፊት አንዲት እናት የታጠፈ የስዕለት ጃንጥላ ታቅፈው አለፉ። ስለትና ስዕለት በአፋችን አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም «ስለት» ነው የምንለው። ሥራቸው ይለያይ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ያን ቀን ተገናኙ። ስዕለት የገባ ሰው ጃንጥላው ያምራል ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ አደረሰ ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ካራ የሚስልም እንዲሁ ነው። መሳሉ ቃል መግባት ነው። ቃሉ የሚፈጸመው እጁ ላይ ነው።

ባልደረባዬ ግን በዚህም አልረካም። «መጀመሪያውኑ አለመግደልስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይህን ጥያቄ ስለት አይመልሰውም። እኔ ሥጋ እበላለሁ፤ ጾሙ ሲፈታ ከሚሰለፉት አንዱ ነኝ። ስለዚህ ልጁን «አትግደል» የምልበት አፍ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሚገድል ሰው ጥሩ ስለት ስለያዘ ንጹሕ ነኝ ማለት አይችልም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እንስሳ ግን የሚያስታውስበት ዕድሜ አይተውለትም። ስለዚህ ማስታወሱ የወጋው ሥራ ይሆናል፤ እሱም በትክክል፣ «ካራው ደነዘ» ሳይል።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ለልጁ የድምፅ መልእክት ላክሁለት። የ1975ቱን በሬ ነገርኩት። «ሳልኩት» ብዬ መዋሸቴን ነገርኩት። ስድስት ደቂቃ ያህል ሆነ። ጥቂት ቆይቶ በጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰልኝ፦ «አያቴ ያውቁ ነበር?»

የፋሲካው ዕለት ማታ ነው። ሰው ከተበተነ በኋላ አባቴ ካራውን ከተጣለበት አንስቶ በውሃ አጠበው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ሳብ አደረገውና ጥፍሩን በመብራት አየው። ወደ እኔ አላየም። ጨርቅ ጠቅልሎ ሰቀለው።

በዓመቱ፣ እጁ ድኖለት ሳለ፣ ካራውን እንደገና ለእኔ ሰጠኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስስል አደርኩ። ሲነጋ በሬው ተጠልፎ ሲወድቅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሳልከው ወይ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።